ለሰንበት ያጠጣሁት ማሽላ

ሰው ለሌላው ሲያዝን ደግ ሥራ የሠራ ይመስለዋል። እኔም ይመስለኝ ነበር። አሁን የምነግራችሁ ከአንድ ዓርብ ቀትር እስከ እሑድ ረፋድ የሆነውን ብቻ ነው፤ ሁለት ቀን እንኳ አይሞላም። ነገር ግን ያኔ የነበረችው ፈንታነሽ የዛሬዋን ፈንታነሽ መንገድ ላይ ብታገኛት፣ «ጨካኝ!» ብላ የምትሰድባት ይመስለኛል።

በመጀመሪያ ማን እንደነበርኩ ልንገራችሁ። የምኖረው እስራኤል አገር፣ ሐይፋ ከተማ፣ ኔቬ ዮሴፍ በሚባል ሰፈር ዳገቱ ላይ ነው። ልጄ አግብታ ክርያት ሐይም ስለገባች፣ ቤቱ ለእኔና ለአባቴ ቀርቷል። ከኮረብታው ጫፍ ባለ አንድ የምርምር ግቢ ውስጥ ስድስት ዓመት ኮሪደር አጸዳሁ። አንድ ቀን ታማር የምትባል የዕፅዋት ተመራማሪ፣ መስኮት ላይ የተረሳ የደረቀ አበባ ሳድን አየችኝና «እጅሽ ለዚህ የተፈጠረ ነው፤ እኔ ጋ ነይ» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ የእርሷን ሐማማ የምከፍተውም የምዘጋውም እኔ ሆንኩ። ሐማማ ማለት ጣሪያው መስታወት፣ ግድግዳው መረብ የሆነ የዕፅዋት ቤት ነው። ቁልፉን ከአንገቴ አላወልቅም ነበር። በዚህ አገር የማውቀውን ሥራ እንድሠራ የጠየቀኝ ሰው እርሷ የመጀመሪያዋ ናት።

ታማር የምታጠናው ማሽላን ነው። የምታጠናውም በማስጠማት ነው። ዘሩ ከእኛ አገር ወጥቶ በቅዝቃዜ ሲጠበቅ የኖረ ነው። ስድስት ጠረጴዛ ሙሉ ማሰሮ አለ፤ አራተኛው ጠረጴዛ ላይ ያለው ዘር ግን ከሁሉም ጥቂቱ ነበር። ከእርሱ የቀራት እፍኝ አይሞላም ነበርና ስትዘራው ፍሬውን አንድ አንድ እየቆጠረች ነበር።

«እንስሳ ሲከፋው ይሸሻል» ትለኝ ነበር። «እነዚህ ግን መሸሻ የላቸውም። ስለዚህ ራሳቸውን ይለውጣሉ።»

መጀመሪያ ሦስት ቀን አስጠማናቸው፤ አጠጣን። ቀጥሎ አምስት ቀን። አሁን ዘጠነኛው ቀን ላይ ነበርን። እሑድ ጧት እያንዳንዱ ማሰሮ ተመዝኖ፣ ምን ያህል ውሃ እንደቀረው ታውቆ፣ ከዚያ በኋላ ይጠጣሉ። ታማር ዓርብ ረፋድ ላይ ቦርሳዋን አንግታ በር ላይ ቆመችና ጣቷን ቀሰረችብኝ።

«ፈንታ፣ አንድ ጠብታ እንኳ አይሰጣቸውም። ቤሰደር?» አለች፤ በዕብራይስጥ «እሺ?» ማለቷ ነው።

«ቤሰደር» አልኳት።

ሄደች። እኔም ጠራርጌ ለመውጣት ስዘጋጅ አራተኛውን ጠረጴዛ አየሁት፤ ምነው ባላየሁት! ወደ ምዕራብ የዞረ ስለሆነ ፀሐዩ በእርሱ ላይ ይበረታ ነበር። ቅጠሉ ሁሉ ተጠቅልሎ ቀጥኗል፤ አገዳው አመድ የተነሰነሰበት ይመስላል። 

እዚህ ላይ የምነግራችሁ ለሌላ ሰው ቂልነት ሊመስል ይችላል። እኛ ጎንደር ሳለን፣ ዓርብ ከቀትር በኋላ ከብቱ ሁሉ ወንዝ ወርዶ ይጠጣ ነበር። አህያዋም፣ ዶሮዋም ሳትቀር። ሰንበት ከገባች በኋላ ውሃ የሚቀዳ ስለሌለ፣ ለሰንበት የተጠማ ነገር ግቢ ውስጥ አያድርም። እናቴ ጎረቤት የታሰረ ጥጃ ሲጮህ ከሰማች መብራቷን ሳትለኩስ ሮጣ ታጠጣ ነበር። እና እኔ የዚያች ሴት ልጅ፣ ሃያ የተጠሙ ነፍሶች ላይ በር ቆልፌ ሰንበትን ልቀበል ነው?

ለእያንዳንዳቸው አንድ አንድ ኩባያ ሰጠኋቸው። ለአራተኛው ጠረጴዛ ብቻ። «ጠብታ አትስጪ አለች እንጂ ኩባያ አላለችም» እያልኩ ለብቻዬ ሳቅሁ። ወለሉን አጥቤ ስጨርስ ቅጠሎቹ መፈታት ጀምረው ነበር። አረንጓዴያቸው ተመለሰ። ጸሎት እንዳደረሰ ሰው ልቤ ሞልቶ ወደ ቤቴ ወረድኩ።

ሚዛኑ ትዝ ያለኝ ቤት ደርሼ፣ ሰንበት ከገባ በኋላ ነው። እራት ቀርቦ፣ ዳቦው ተባርኮ፣ ጉርሻዬ አፌ ውስጥ እያለ። እሑድ ጧት ታማር ማሰሮዎቹን ትመዝናለች። የአራተኛው ጠረጴዛ ማሰሮ ከሌላው ይከብዳል። ማን እንዳጠጣው የሚጠረጠር ሁለተኛ ሰው የለም፤ ቁልፉ ያለው እኔ አንገት ላይ ነው።

ቅዳሜ ጧት ስነሳ ሰማዩ ቢጫ ሆኗል። ሻራቭ ገብቷል፤ ከበረሃ የሚመጣው ያ አቧራማ ትኩስ ነፋስ። መስኮቱን ስከፍተው ፊቴን እንደ ምድጃ ገረፈኝ። መጀመሪያ ደስ አለኝ፣ አልዋሽም። «ይህ ነፋስ ያጠጣሁትን ውሃ ለነገ አያቆየውም፤ ማሰሮው ይቀልላል» አልኩ። ትንሽ ቆይቼ ደግሞ «ቢያቃጥላቸውስ?» አልኩ። ተቀመጥኩ፤ ተነሳሁ። መጋረጃውን ዘጋሁ፤ ከፈትኩ። የታጠበ ብርጭቆ መልሼ ልጠርግ ስል ሰንበት መሆኑ ትዝ አለኝና አስቀመጥኩት።

አባቴ መስኮቱ አጠገብ ካለው ወንበሩ ላይ ሆኖ ያየኛል። ሰማንያ ያለፈው ሰው ነው። ኔቬ ዮሴፍ ታች፣ ሰፈርተኛው በሚያርሰው የጋራ መሬት ላይ አንድ ትንሽ መደብ ነበረችው። ባለፈው ዓመት በነሐሴ ሙቀት፣ በቀትር ፀሐይ ሲኮተኩት ወድቆ ተገኘ። ሁለት ቀን ሐኪም ቤት ተኛ። ያን ቀን የመደቧን ቁልፍ ከኪሱ ወሰድኩ፤ ዶማውንም ደበቅኩ። «ከእንግዲህ እርስዎ ይቀመጡ፤ እኔ አለሁ» አልኩት። አንድ ቃል አልመለሰልኝም። ዘጠኝ ወር እንዲሁ ተቀመጠ። ያየው ሁሉ «አባትሽ አማረባቸው» ይለኛል፤ እኔም «ፀሐይ አላሳያቸውም፣ በደንብ አበላቸዋለሁ» እያልኩ እኮራ ነበር። በዚያ ቤት ውስጥ ያልተሳካልኝ ነገር ቢኖር፣ ለፋሲካ ጽዳት ቤቱን ስገለብጥ ያጣኋት ትልቋ ጭልፋዬ ብቻ ነበረች።

«ምን ሆነሻል? እንደ ተነካ ንብ ትበሪያለሽ» አለኝ አባቴ።

ነገርኩት። ኩባያውንም፣ ሚዛኑንም፣ ጥቂቷን ዘርም። ሁሉንም ሰማኝና፣

«ማሽላ ነው ያልሽው?» አለ።

«አዎ።»

«ተጠቅልሎ ነበር?»

«እንደ ገመድ!»

ተነሳና ኩታውን ደረበ። «በይ እንሂድና እንየው።»

«አባዬ፣ በዚህ ሻራቭ? በእርስዎ ልብ? ደግሞስ ሰንበት አይደል?»

«ማየት ሥራ አይደለም። ልቤን ደግሞ ለእኔ ተይው።»

ብከለክለው ይቀራል ብዬ ነበር፤ እርሱ ግን ሁለት ብርጭቆ ውሃ ቀስ ብሎ ጠጥቶ በሩ ላይ ቆመ። ብቻዬን መሄዱንም ፈራሁ። ይዤው ወጣሁ።

ሐይፋን የምታውቁ መንገዱን ታውቁታላችሁ፤ ከደረጃ ደረጃ ነው። እኔ ከፊት ከፊት እሮጣለሁ። ትቼው እሄድና «ይድረሱ እንጂ!» እላለሁ። ከዚያ ደግሞ ወድቆ እንደሆነ ብዬ እመለሳለሁ። አፌ አልተዘጋም፤ ስለ ታማር፣ ስለ ቁልፉ፣ ወደ ኮሪደሩ ስለ መመለስ እለፈልፋለሁ። አባቴ ኩታውን አፍንጫው ላይ ጣል አድርጎ፣ የግንቡን ጥላ ተከትሎ፣ በየመታጠፊያው እየቆመ ይወጣል።  ሦስተኛው ደረጃ ላይ ስደርስ ዓይኔ ጨለመብኝ። የብረቱን መደገፊያ ልይዝ ስል አቃጠለኝ። የማስታውሰው እርሱ በብብቴ ይዞ፣ ከደረጃው ጀርባ፣ ከአንድ ዛፍ ሥር ሲያስቀምጠኝ ነው። እዚያ ከግድግዳው የወጣች ቧንቧ ነበረች። በእፍኙ ቀድቶ አንገቴ ላይ አፈሰሰልኝ።

«ይህችን ቧንቧ ከየት አወቋት?» አልኩት፣ ትንፋሼ ሲመለስ።

«አውቃታለሁ።»

ያኔ ከላይ ካለው ሰገነት አንዲት ነጭ ጸጉር ያላት ሴት ብቅ አለች። በኋላ እንዳወቅሁት ራያ ትባላለች፤ ከሩሲያ የመጣች ናት። በዚያ በተሰባበረ ዕብራይስጥ «አባ! ዛሬም? ዛሬ እኮ ሻባት ነው!» ብላ ጮኸች። አባቴ እጁን አወዛወዘላትና ቶሎ አስነሳኝ።

«ማናት?» አልኩት።

«ጎረቤት ናት። ተነሺ፣ ጥላው ሳይሸሽ።»

ልጠይቀው ነበር፤ ግን ማሽላው አስጨነቀኝና ተውኩት።

ሐማማው በር ላይ ስንደርስ ቁልፉን ከልብሴ ሥር መዘዝኩ። ከፈትኩ። አራተኛው ጠረጴዛ ገለባ ሆኗል። የፈላ ውሃ የተደፋበት ጎመን አይታችሁ ታውቃላችሁ? ትናንት ደስ ብሏቸው የተዘረጉት ቅጠሎች እንደ ተዘረጉ ተንጠልጥለው ነጡ። ሌሎቹን አምስቱን ጠረጴዛ ሳይ ደግሞ ሁሉም ጥቅልል ብለው፣ ግራጫ ሆነው ቆመዋል። አለቀ፣ ሁሉም ሞቱ ብዬ ውሃ ማጠጫውን አነሳሁ። ሰንበት መሆኑም ጠፋኝ።

«አስቀምጪ!»

አባቴ እንዲህ ሲጮህ የሰማሁት ከልጅነቴ ወዲህ ያኔ ነው። ማጠጫውን ወለሉ ላይ ጣልኩት።

«ትናንት የገደልሻቸው አነሱሽ?» አለኝ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ፣ ምንም ሳይነካ፣ ከአንዱ ማሰሮ ላይ አጎነበሰ። «ነይ፣ ወደ ውስጥ እይ። ከቅጠሎቹ መካከል። ልቡን።»

አየሁ። ከጥቅልሉ ሥር፣ ጠባብ ጉድጓድ ውስጥ፣ የጥፍር ታህል አረንጓዴ ነገር አለች።

«ተኝቷል እንጂ አልሞተም» አለ። «ማሽላ እያረረ ይስቃል ሲባል ሰምተሽ የለም? ይህ ዘንጋዳ ነው፤ አውቀዋለሁ። ዝናብ ሲዘገይ እንዲህ ተሸፍኖ ይጠብቃል። ሥሩን ወደ ታች ይሰዳል፤ በላይ ደግሞ በሩን ይዘጋል።»

«እነዚያስ?» አልኩ፣ ወደ አራተኛው እያመለከትኩ።

«እነዚያማ አንቺን አመኑ። ውሃ ሲያዩ ዝናብ መጣ አሉና ተዘረጉ። ተዘርግተው ሳለ ነፋሱ ደረሰባቸው።»

ወለሉ ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። አላባበለኝም። ጥላ ውስጥ ቆሞ እስክጨርስ ጠበቀኝ።

ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ሙሉ፣ ወደ ቤት ከተመለስን በኋላም፣ ውሸት ስፈትል ዋልኩ። መረቡ በምዕራብ በኩል ተቀዶ ነበር እላለሁ። ማሰሮው ሻራቭ ስለመታው ነው እላለሁ። ማሰሮው ስለ ደረቀ ሚዛኑም አያጋልጠኝም። አንዱን ውሸት ስጨርስ ሌላው ይሻለኛል እላለሁ። አባቴ ሁሉንም እንደሚያውቅ ያስታውቅበታል፤ ግን «ተናገሪ» አላለኝም። ቢለኝ ይሻለኝ ነበር።

እሑድ ጧት ታማር ከእኔ ቀድማ ደርሳ አራተኛው ጠረጴዛ አጠገብ ቆማ አገኘኋት። ጀርባዋን ሰጥታኛለች። «ሌሎቹ ቆመው እነዚህ ብቻ ለምን?» ትላለች ለራሷ። «ዘሩ ነው? ደካማ ዘር ነው ማለት ነው?»

መረቡ የሚለው አፌ ላይ ነበር። ነገር ግን ያንን ዘር ደካማ ስትለው መቻል አቃተኝ። ደካማ አልነበረም። ዘጠኝ ቀን ችሎ የቆመ ዘር ነው።

«ዘሩ አይደለም። እኔ ነኝ» አልኳት። «ዓርብ አጠጣኋቸው።»

ዞረች። «ለምን?»

«ሰንበት ስለነበር።»

«ለዕፅዋት?»

«በእኛ ዘንድ ለሰንበት የተጠማ አያድርም። ከብቱም፣ ዶሮውም።»

 የምትስቅ መስሎኝ ነበር፤ ዓይኗ ግን እንባ ሞላ። «ይህን እኮ ሦስት ወር ጠብቄዋለሁ፣ ፈንታ» አለች። ስድብ ብትጨምርበት ይቀለኝ ነበር። እጇን ዘረጋች። «ቁልፉን ስጪኝ። ዛሬ ቤትሽ ሂጂ።»

ከአንገቴ አወለቅኩት። እዚያ ቦታ ላይ ብርድ ተሰማኝ፤ በዚያ ሙቀት። ቁልፍን ከሰው ኪስ ማውጣት ምን እንደሆነ የገባኝ ያኔ ነው። ደረጃውን ስወርድ ከመታጠፊያ መታጠፊያ አንድ ነገር ብቻ ይመላለስብኝ ነበር፤ በዚያ ነሐሴ ቁልፉን ከኪሱ ስወስድ አባቴ አንድ ቃል አለመመለሱ።

ቤት ስደርስ ገና ረፋድ ነው። በዚህ ሰዓት ቤት ገብቼ አላውቅም። በሩን ስከፍት ወንበሩ ባዶ ነው። «አባዬ!» መልስ የለም። መኝታ ቤት የለም። መታጠቢያ ቤት የለም። ጫማው የለም። ነፋሱ አሁንም እንደነደደ ነው። ነጠላዬ መሬት እየጎተተ፣ ወደ ታች ወደ መደቦቹ ሮጥኩ። ወድቆ አገኘዋለሁ ብዬ ነበር፤ እየሮጥኩ እግዚአብሔርን እለምናለሁ፣ ራሴንም እረግማለሁ።

የእኛ መደብ በር እንደ ቆለፍኩት ነው። የአጠገቡ ግን ክፍት ነው። በሁለቱ መካከል የነበረው ሽቦ ወደ ጎን ተጠምዝዟል። በዚያ ሾልኬ ገባሁ።

አባቴ ከአጥሩ ጥላ ሥር፣ ባርኔጣውን እስከ ጆሮው ደፍቶ፣ እግሩን ዘርግቶ ተቀምጧል። የዕለቱን ሥራ ጨርሷል። አጠገቡ ውሃ አለ። ከፊቱ ባቄላ አለ፣ ሽንኩርት አለ፣ ከጥግ በኩል ደግሞ ጉልበት የሚደርስ ማሽላ አለ፤ በሻራቩ ጥቅልል ብሎ፣ ግን ቆሞ። በእጁ ላይ ትልቋ ጭልፋዬ ናት። አፏ ተበልቶ ተጣሟል፤ እጀታዋ በጨርቅ ታስሯል።

«ዛሬ ቶሎ ተመለስሽ» አለኝ።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?» አልኩት። ሌላ ነገር አልወጣኝም።

«ከሐኪም ቤት በወጣሁ በሁለተኛው ወር። ጎህ ሲቀድ ከሰገነቷ ሴት፣ ከራያ፣ የመደቧን ቁልፍ ተቀብዬ እመጣና ፀሐዩ ሳይበረታ እጨርሳለሁ። በቀትር መሥራቴ ሞኝነት ነበር፤ ያን ተምሬያለሁ። አንቺ ከመምጣትሽ በፊት እግሬን ታጥቤ ወንበሬ ላይ ነኝ።»

«ለምን አልነገሩኝም?»

ጭልፋዋን በጣቱ ጠረገ።

«ስለምታዝኚልኝ» አለ።

እመኑኝ፣ ከታማር እንባ ይልቅ ይህ ቃል ነው የመታኝ። ዘጠኝ ወር ሙሉ እያማረበት ያለው በእኔ ጥላ ይመስለኝ ነበር። ከእኔ ተሸሽጎ ነው ለካ የኖረው።

ማታ የመደቡን ቁልፍ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩለት። አየት አደረገውና «እርሱስ ይቅር፤ የራያ በር ይበቃኛል» አለ። «ዶማውን ብታመጪልኝ ነው። እርሱን ፈልጌ ፈልጌ አጣሁት። በጭልፋ ማረስ አደከመኝ!» አልጋዬ ሥር ነበር። አውጥቼ ሰጠሁት። እስካሁን በየጧቱ ሲወጣ ተከትዬው ልሂድ እላለሁ፤ አልደብቃችሁም። የምጠይቀው ግን «ውሃ ይዘዋል?» ብቻ ነው።

ታማር ሳምንት ሙሉ አላናገረችኝም። ወለል ጠረግኩላት፤ ማሰሮ አጠብኩላት። ከዚያ የቀረውን ዘር አወጣችና አብረን ዘራነው። ቁልፉን የመለሰችልኝ የአዲሶቹ ችግኞች የመጀመሪያ ጥማት በደረሰ ጊዜ ነው፤ ቀኑም ዓርብ ነበር። እጄ ላይ ስታስቀምጠው «ዛሬ ዓርብ ነው» አለች። ቆለፍኩ፤ እጄን ኪሴ ከትቼ ደረጃውን ወረድኩ። ከዚያ ቀን የከበደ ሰንበት አላሳለፍኩም። እሑድ ስከፍት ቆመው አገኘኋቸው።

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ ሰው ሲያስጠሙት ይበረታል እያልኩ አይደለም፤ እንዲህ የሚል ሰው ማሽላም ሰውም አያውቅም። ታማር ከሦስት ቀን ነው የጀመረችው፤ አባቴም ከጎህ ነው የጀመረው። እኔ የምላችሁ፣ የምትወዱት ሰው በሩን ዘግቶ ዝም ካለ ሞቷል ብላችሁ አትሩጡበት፤ መጀመሪያ ልቡን እዩ። ደግሞ ከቤታችሁ አንድ ዕቃ ጠፍቶባችሁ ብትፈልጉ ብትፈልጉ ካጣችሁት፣ የቤቱን ሽማግሌ ጫማ ገልብጡና አፈር እንዳለው ተመልከቱ። እኔ ጭልፋ አልገዛሁም። በዚያችው በተጣመመችው ወጥ አወጣለሁ፤ አባቴም ሳህኑን ሲቀበለኝ ይስቃል።